ሞክሼ መርከቦች

አውቶቡስ ስሳፈር ካርዴን ማሽኑ ላይ ጠጋ አደርጋለሁ፣ ጢጥ ይላል፣ እገባለሁ። ሲያትል ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ የማደርገው ነገር ነው። የካርዱ ስም ኦርካ ይባላል። ፊደሎቹ ሲዘረዘሩ ለሁሉም የሚሆን የአካባቢው አንድ ካርድ እንደማለት ነው። እዚህ አገር ግን ኦርካ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ጥቁርና ነጩን የባሕር እንስሳ ነው። ቲሸርት ላይ አለ፣ ግድግዳ ላይ ተስሏል፣ የልጆች መጫወቻም ሆኗል።

ባለፈው በጋ አጎቴ ሊጠይቁን መጡ። የእናቴ ወንድም ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ሰው ነበሩ። አብረን ስንወጣ አንድ ትርፍ ካርድ ሰጠኋቸው። «ይቺን ይያዙ ጋሼ፣ ኦርካ ትባላለች» አልኳቸው። ካርዱን ገልበጥ አድርገው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት። ከዚያ «ኦርካ እኮ የመርከባችን የድሮ ስም ነው» አሉኝ።

መርከቧን በፎቶ አውቃታለሁ። ልጅ ሆኜ እሳቸው ቤት ሳሎን ውስጥ ተሰቅላ ነበር። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፤ ከፊት ለፊቷ ጎን ኤ-01 የሚል ቁጥር ተጽፎባታል። «ይቺ ማናት?» ስላቸው «ኢትዮጵያ» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ አገሪቱን ማለታቸው ይመስለኝ ነበር። የመርከቧ ስም መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ኦርካ የሚባል ስም እንደነበራት ግን ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ተጽፎ ነበር አሉኝ።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ አልተውኩትም። ይህን የምጽፈው ስለ መርከብ ስም፣ በተለይ ስለ ሞክሼ መርከቦች ነው። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የኛዋን ልጨርስ። ኦርካ የተሠራችው እዚሁ ነው። ከሲያትል ማዶ፣ ሐይቁ ዳር፣ ያኔ ሃውተን ይባል በነበረው፣ ዛሬ የከርክላንድ ከተማ አካል በሆነው ቦታ። ጨው በሌለበት ሐይቅ ላይ የጦር መርከብ ይሠራ ነበር! ተሠርቶ ሲያልቅ በቦዩና መርከብን ከፍና ዝቅ በሚያደርጉት የውሃ በሮች አልፎ ወደ ባሕር ይወጣል። ኦርካ በ1942 ውሃ ነካች፣ በጥር 1944 አገልግሎት ጀመረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው። ሥራዋ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መንከባከብ ነበር። ነዳጅ ትሰጣለች፣ ትጠግናለች፣ አብራሪዎቹ ይበሉባታል፣ ይተኙባታል። ፊሊፒንስ ድረስ ሄዳ ጦርነቱን አይታለች። በ1946 ደግሞ አሜሪካኖቹ ቢኪኒ ደሴቶች ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲሞክሩ እዚያ ከነበሩት ደጋፊ መርከቦች አንዷ ናት። በጥር 1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ስሟ ተቀየረ፣ የባሕር ኃይላችንም ትልቋ መርከብ ሆነች። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን የሌላ አገር መርከቦች ሲመጡ ከፊት የምትቆመው እሷ ነበረች። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

አሁን ወደ ሞክሼዋ ልምጣ።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል በዚያ ዘመን ስም የሚያወጣው በወግ ነበር። ሰርጓጅ መርከብ በዓሣና በባሕር እንስሳ ስም ይጠራል። የአውሮፕላን ደጋፊዎቹ፣ እነ ኦርካ፣ በባሕረ ሰላጤ ስም። የኛዋ ኦርካ ስሟን ያገኘችው አላስካ ውስጥ ካለ ኦርካ ከሚባል ባሕረ ሰላጤ ነው። ከእንስሳው በቀጥታ አይደለም። በዚያው ሰሞን ግን አንዲት ሰርጓጅ መርከብም ኦርካ ተብላ ነበር፤ እሷ በእንስሳው ስም መሆኑ ነው። ገና ሳትሠራ ስሟ ሁለት ጊዜ ተቀየረና መጨረሻ ላይ ሳንድ ላንስ ተባለች፣ እሱም የዓሣ ስም ነው።

ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛ ፊደል ነው። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፣ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ደግሞ ሌባ ሰረቀ። ጆሮ ላይ አንድ ናቸው፣ ሥራቸው ለየቅል ነው። ሞክሼ ፊደል የምንለው ለዚህ ነው። ሁለቱ ኦርካዎችም እንደዚያ ናቸው።

ሳንድ ላንስ ጦርነቱን በደንብ ተዋጋች። በመጋቢት 1944 ታትሱታ የተባለችውን የጃፓን የጦር መርከብ (ክሩዘር) አሰጠመች። ከጦርነቱ በኋላ ምን እንደሆነች ሳይ ነው ከወንበሬ የተነሳሁት። በ1963 ለብራዚል ተሰጠች። ስሟም ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ሆነ፣ የብራዚል አንድ ክፍለ ሀገር ስም ነው። አስቡት። ኦርካ የሚለውን ስም ከያዙት ሁለት መርከቦች አንዷ በ1962 ሌላ አገር ሄዳ የአገር ስም ተቀበለች። ሌላዋ በዓመቱ ሌላ አገር ሄዳ የክፍለ ሀገር ስም ተቀበለች። አንዷ ቀይ ባሕር ላይ፣ አንዷ አትላንቲክ ላይ። በዚህ አላበቃም። በ1972 ብራዚል ያቺን መርከብ በሌላ የአሜሪካ ሰርጓጅ ተካችና ያንኑ ስም ሰጠቻት፣ ያንኑ ቁጥር ጭምር። የተኪዋ መርከብ የድሮ ስም ግራምፐስ ነበር። ግራምፐስ ደግሞ እንግሊዞች ድሮ ኦርካን ይጠሩበት የነበረ ቃል ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? እኔ አምንበታለሁ።

ሰርጓጅ መርከቦች ብቻቸውን አይኖሩም። እናት መርከብ አላቸው። ውሃ ውስጥ ሳምንታት ቆይተው ሲመለሱ የሚጠጉት እሷን ነው። ምግብ፣ ነዳጅ፣ ቶርፔዶ፣ መለዋወጫ፣ ሐኪም፣ ዳቦ ቤት፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት ሁሉ እሷ ላይ አለ። ጃፓኖቹማ በቋንቋቸው እናት መርከብ ብለው ነው የሚጠሯት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ለዚህ ሥራ ከሠሯቸው መርከቦች ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦ ጂንጌይ፣ ቾጌይ፣ ታይጌይ። መጨረሻቸው ላይ ያለው ጌይ የሚለው ቃል ዓሣ ነባሪ ማለት ነው። ታይጌይ ትልቁ ዓሣ ነባሪ ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ አውሮፕላን ተሸካሚነት ተለወጠች፣ ስሟም ተቀየረ። ገና እየተለወጠች ዮኮሱካ ወደብ ላይ ሳለች፣ በሚያዝያ 1942 አሜሪካኖቹ ጃፓንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደበድቡ ቦምብ አገኛት። ጂንጌይ በጥቅምት 1944 ኦኪናዋ አጠገብ ሰጠመች። ቾጌይ ተረፈች፣ ጦርነቱ ሲያበቃም ባሕር ማዶ የቀሩ ጃፓናውያንን ወደ አገራቸው አመላለሰች።

እነዚህ ስሞች ለብዙ ዓመታት ባሕር ላይ አልነበሩም። ከዚያ በ2022 ጃፓን አዲስ ሰርጓጅ መርከብ አገልግሎት አስገባች፣ ስሟ ታይጌይ ነው። ከእሷ በኋላ ሃኩጌይ መጣች፣ በ2024 ጂንጌይ፣ ቀጥላ ራይጌይ። አምስተኛዋ ውሃ ስትነካ ቾጌይ ተባለች። የሦስቱ እናቶች ስም ወደ ልጆቹ ተላለፈ ማለት ነው። ድሮ የምታበላው፣ የምትጠግነው መርከብ ስም ዛሬ ውሃ ውስጥ በምትሄደው ላይ አለ። እኛ የአባታችንን ስም ነው ይዘን የምንሄደው። እዚህ ልጅ የእናቱን ስም ሲይዝ ማየት፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። ካነበብኳቸው የስም አወጣጦች ሁሉ እኔ የምወደው ይሄን ነው።

አሜሪካኖቹ ለእናት መርከቦቻቸው ሌላ ወግ አላቸው። በርከት ያሉትን በሰርጓጅ መርከብ ፈልሳፊዎች ስም ጠርተዋል። ሮበርት ፉልተን በ1800 ፈረንሳይ አገር ናውቲለስ የምትባል በእጅ የምትዘወር ሰርጓጅ ጀልባ ሠርቶ ነበር። ከ142 ዓመት በኋላ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ አሜሪካና ጃፓን በተዋጉበት በሚድዌይ ጦርነት፣ ሁለቱም ስሞች ተገኝተዋል። በሰኔ 4 ቀን 1942 አራሺ የተባለች የጃፓን አጥፊ መርከብ ናውቲለስ የተባለችውን የአሜሪካ ሰርጓጅ ለማጥቃት ወደ ኋላ ቀረች። ከዚያ ወደ ጓዶቿ በፍጥነት ስትመለስ ውሃው ላይ የተወችውን ነጭ መስመር የአሜሪካ አብራሪዎች ከላይ አዩት። ተከትለው ሄዱ። የጃፓንን አውሮፕላን ተሸካሚዎች አገኙ። በዚያው ጦርነት ዮርክታውን የተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ ስትመታ የተረፉትን መርከበኞች ወደ ፐርል ሃርበር ከመለሱት መርከቦች አንዷ እናት መርከቧ ፉልተን ናት። በኋላ በ1954 የዓለም የመጀመሪያዋ በኑክሌር የምትሄድ ሰርጓጅ አገልግሎት ስትጀምር ስሟ ናውቲለስ ሆነ፤ በ1958 በበረዶው ሥር አልፋ ሰሜን ዋልታ ደረሰች። ፉልተንም ያኔ እዚያው አካባቢ፣ ኮኔቲከት፣ ሰርጓጆችን እያገለገለች ነበር።

በሰው ስም ከተጠሩት ውስጥ አንዷን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሃዋርድ ጊልሞር ግራውለር የምትባል ሰርጓጅ አዛዥ ነበር። በየካቲት 1943 ማታ ከጠላት መርከብ ጋር ተጋጭተው በመትረየስ ሲደበደቡ እሱ ላይኛው ወለል ላይ ቆስሎ ቀረ። ሰዎቹ እሱን ለማስገባት ቢቆዩ መርከቧ ትጠፋለች። «ወደ ታች ውሰዷት» አለ። ወሰዷት። እሱ ቀረ፣ እነሱ ተረፉ። በዚያው ዓመት እየተሠራች የነበረች አንዲት እናት መርከብ ስሟ ተቀይሮ ሃዋርድ ጊልሞር ተባለች። ውሃ ስትነካ ባለቤቱ ነበረች የመረቀቻት።

አሁን ደግሞ ስም ስለ መቀየር። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ታሪክ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ስኳለስና ስከልፒን እህትማማች ሰርጓጆች ነበሩ። ቁጥራቸው 192 እና 191 ነው። በግንቦት 23 ቀን 1939 ስኳለስ ኒው ሃምፕሸር አጠገብ ለሙከራ ስትጠልቅ አንድ የአየር መግቢያ ሳይዘጋ ቀረ። የኋላ ክፍሎቿ በውሃ ሞሉ። ከ59 ሰዎች 26ቱ እዚያው አለቁ። 33ቱ የፊት ክፍል ውስጥ፣ ጨለማና ብርድ ውስጥ፣ 74 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ። ስልክ ያለው ተንሳፋፊ ምልክት ለቀቁ።

ያገኘቻቸው ማን ናት? ስከልፒን። እህታቸው። ተንሳፋፊውን አንስተው በስልኩ ተነጋገሩ። ላይ ያለው አዛዥና ታች ያለው አዛዥ ጥቂት ቃላት እንደተለዋወጡ ማዕበሉ ገመዱን በጠሰው። ከዚያ በኋላ በመዶሻ ግድግዳውን እየመቱ ነበር የሚነጋገሩት። በማግስቱ ፋልከን ደረሰች፣ የሰርጓጅ ነፍስ አድን መርከብ ናት። የአሜሪካ ነፍስ አድኖች በወፍ ስም ነበር የሚጠሩት። ፋልከን ጭልፊት ናት። ሌላዋ ፒጅን ትባል ነበር፣ እርግብ፤ ከኖኅ መርከብ የወጣችዋን እንዳስብ ያደረገችኝ። ዓሣዎቹ ሲሰጥሙ ወፎቹ ከላይ ይመጣሉ። ስሙን ያወጣው ሰው ይሄን አስቦት ይሁን አይሁን፣ ውብ ነው። ፋልከን ደወል የመሰለ የብረት ክፍል በገመድ አወረደች። ጠላቂ ቀድሞ ወርዶ ገመዱን ከሰርጓጇ መውጫ ጋር አሠረ። ደወሉ አራት ጊዜ ተመላለሰ። መጨረሻው ላይ ገመዱ ተቋጥሮ ለሰዓታት አስጨነቃቸው። 33ቱም ወጡ። ከሰጠመ ሰርጓጅ በዚህ ዓይነት ሰው ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ስኳለስን ከባሕሩ ሥር አወጧት፣ ጠገኗት። በ1940 አዲስ ስም ሰጧት፣ ሴይልፊሽ። መርከበኞቹ ግን ሁለቱን ስም ቀላቅለው ስኳይልፊሽ እያሉ ይጠሯት ነበር። ስም ቢቀየርም ሰው አይረሳም።

እኛ ጋ ልጅ ሲሞት ቀጥሎ የሚወለደው ምትኩ ይባላል፣ ካሳ ይባላል፣ ማስረሻ ይባላል። የሞተው ስም ራሱ ግን አይደገምም። ባሕር ኃይሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። የሰጠመችዋን ስም ለአዲሷ ይሰጣሉ፣ እሷ እንዳልጠፋች። በስኳለስ ግን እንደ እኛ አደረጉ። ማስረሻ ብለው ሰየሟት።

ቀጥሎ የሆነውን ተመልከቱ። በኅዳር 1943 ስከልፒን ትሩክ በሚባሉት የፓስፊክ ደሴቶች አካባቢ በጃፓኖች ተመታች። ጆን ክሮምዌል የተባለ ከፍተኛ መኮንን ብዙ ምስጢር ያውቅ ስለነበር ተይዞ እንዳይናገር ብሎ ከመርከቧ ጋር መስጠምን መረጠ። 41 መርከበኞች ተማርከው በሁለት አውሮፕላን ተሸካሚዎች ተጫኑ። 21ዱ ቹዮ በምትባለው ላይ ነበሩ። በታኅሣሥ 4 ሌሊት፣ ኃይለኛ ማዕበል ውስጥ፣ አንዲት የአሜሪካ ሰርጓጅ ቹዮን ለሰዓታት አሳድዳ ደጋግማ መታቻት። ቹዮ ሰጠመች። ከ21ዱ ምርኮኞች የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።

የመታቻት ሴይልፊሽ ናት። የድሮዋ ስኳለስ።

ከአራት ዓመት ተኩል በፊት ስከልፒን ፈልጋ ያገኘቻት እህት። ውስጧ ያሉት ሰዎች ማን እንደተጫነ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ፣ ትንሽ ተራመድኩ። ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እህቷን» ብቻ አሉ።

ስከልፒን የሚለው ስም በ1961 በኑክሌር ሰርጓጅ ላይ ተመለሰ። ሴይልፊሽም ሁለተኛ ሞክሼ አግኝታለች። ስኳለስ ግን አልተደገመም። እኔ ቢደገም ደስ ይለኝ ነበር። 26 ሰዎች የሞቱት ስኳለስ ውስጥ ነው፣ ሴይልፊሽ ውስጥ አይደለም። ደግነቱ የመርከቧ ማማ ሜይን ውስጥ ባለው የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ ግቢ መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል።

ኦርካ የሚለው ስምም ሥራ አልፈታም። ዛሬ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰው የሌለባት ትልቅ ሰርጓጅ እያሠራ ነው፣ የሞዴሉ ስም ኦርካ ነው፤ የመጀመሪያዋ በ2023 መጨረሻ ተረክበዋታል። ውስጧ ማንም አይኖርም። መመሪያ መጽሐፍ ላይ ስሟን አንብቦ ለእህቱ ልጅ የሚነግር የሞተር ሰው አይኖራትም።

ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሃውተን ወሰድኳቸው። የመርከብ ፋብሪካው የለም። ዛሬ ካሪሎን ፖይንት ይባላል። ሆቴል አለ፣ ቢሮዎች አሉ፣ የግል ጀልባዎች ተደርድረው ቆመዋል። ሰው ቡና ይዞ ይራመዳል። ጋሼ የእንጨቱ መተላለፊያ ጫፍ ድረስ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ።

«ጨው የለውም» አሉ።

«ሐይቅ ነው ጋሼ።»

«ከዚህ ነው ምጽዋ የመጣችው?»

«ከዚህ ነው።»

ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ስለ ሞተሩ ይነግሩኝ ጀመር። ሙቀቱ እንዴት እንደነበረ፣ ምጽዋ በሰኔ ሞተር ክፍል ውስጥ ሸሚዝ መልበስ እንዴት እንደማይቻል፣ አንድ ቦልት አልላቀቅ ብሎ ሲያስቸግር አንድ ጓደኛቸው «ኢትዮጵያ፣ እሺ በይ!» እያለ ይለምናት እንደነበረ። ያን ጓደኛቸውን የመን ላይ ነው የተለያዩት። ሌላ አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛቸው ካርዱን እንዲመልሱልኝ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸው ናቸው ያነሱት። «ይዤው ልሂድ?» አሉኝ። እዚያ እንደማይሠራ፣ ውስጡም ገንዘብ እንዳልቀረ ነገርኳቸው። «ግድ የለም» አሉ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ የሳሎናቸውን ፎቶ ላከችልኝ። ኤ-01 ግድግዳው ላይ እንደነበረች ናት። ከመስተዋቱና ከእንጨቱ መሀል፣ ታች በስተቀኝ ጥግ፣ ኦርካ የሚል ካርድ ተሰክቷል።